የብርሃን ማጭድ

ፈንታሁን እመቤትን መጀመሪያ ያያት ለፈረሱ ልብስ ሊያሰፋ ሄዶ ነው።

ደብረ ታቦር፣ ከገበያው በላይ ባለው በረንዳ፣ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይውላሉ። ሌሎቹ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። እመቤት ግላስ ትሰፋለች። ግላስ ፈረስ በክብር ቀን ከኮርቻው ጋር የሚለብሰው ባለ ጥልፍ ልብስ ነው። አስተማሪ አልነበራትም። የአባቷን አሮጌ ግላስ ፈትታ፣ መልሳ እየሰፋች ነው የለመደችው። አባቷ አያ ደምሴ በዘመናቸው በመርቆሬዎስ ሜዳ አቻ ያልነበራቸው ፈረሰኛ ናቸው። አሁን አርጅተዋል። ዓይናቸው ግን አላረጀም።

ፈንታሁን ከከተማው ዳር ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ፈረሱን ቦራን መንገድ ዳር አስሮ ወደ በረንዳው ወጣ። ቦራ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ታጥቧል፤ ጋማው ተበጥሯል። የባለቤቱ ኮት ግን ክርኑ ላይ ተቀዷል።

«ግላስ ፈልጌ ነበር» አላት።

«ለራስህ ነው ለፈረሱ?»

«ለፈረሱ ነዋ!»

«እኔማ ከሁለታችሁ የታረዘው አንተ መስለኸኝ ነው።»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ፈንታሁን ክርኑን በእጁ ሸፈነ።

«እሱን ሰው ያየዋል» አለ። «እኔን ማን ያየኛል?»

እመቤት ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አሁን እያየሁህ አይደለም እንዴ?»

ፈንታሁን ዞር ሲል የበረንዳው ማገር ግንባሩን መታው።

«ቀስ በል እንጂ!» አለች እየሳቀች። «ጭንቅላትህን ትፈልገዋለህ።»

ግላሱ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነበር። አላለቀም። ፈንታሁን ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጣል።

«ዛሬም አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«አለማለቁ።»

እመቤት አንገቷን ደፍታ መርፌዋን ታባርራለች። በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶች ይጠቃቀሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከግላስ አለፈ።

«ጥር ሃያ አምስት፣ ለመርቆሬዎስ፣ አባቴ ሜዳው ላይ ናቸው» አለችው አንድ ቀን። «ያዩሃል። ጥሩ ፈረሰኛ ካዩ ልባቸው ይራራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽማግሌ ትልካለህ። ነው ወይስ ቦራን ነው የምትልከው?»

ሌላም ጠያቂ እንዳላት ፈንታሁን ያውቃል። የገሳዩ ደረጄ አይሱዙ ያለው፣ እህል የሚጭን ሰው ነው። መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ በበረንዳው ሥር ያልፋል፤ ክላክስ ያደርጋል። እመቤት ቀና ብላ አታየውም። ግን አንዲት ልጅ ቀና ስላላለች ብቻ ነገር አይቀርም።

የመርቆሬዎስ ቀን ደረሰ። ፈንታሁን ሌሊቱን በማኅሌት አደረ። ታቦት ሳይገባ እህል አይቀመስም ብሎ ከማታ ጀምሮ ጦሙን ነው። ፀሐዩ ይጠብሳል። አቧራው ከሰው ራስ በላይ ቆሟል። በሜዳው ግራ ሕዝቡ፣ በቀኙ የድንጋይ ካብ አለ።

በዚያ ሜዳ ሴት ልጅ ፈረሰኛን በፈረሱ ስም ከጠራችው ቀልድ አይደለም። መረጥኩህ ማለቷ ነው። የተጠራውም ዘንጉን ከፍ አድርጎ «አቤት» ይላል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ሳይጠሩ ይቀራሉ። እመቤት ግን ከሰዉ መሀል ወጥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከፊት ቆመች። አባቷ ከጎን እያዩ ነው። አላፈረችም።

ቦራ ተፈተለከ። በመጨረሻ ያለቀው አዲሱ ግላስ በፀሐይ ነደደ። ሰዉ «ጎሽ!» አለ።

ያን ጊዜ ነው በፈንታሁን ዓይን ጥግ አንዲት ነጥብ የበራችው። ፀሐይ ያየ ሰው ዞር ሲል እንደሚያያት ዓይነት ነጥብ። ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖም አለች። አደገች፤ ጎበጠች፤ ጥርስ አወጣች። የሚያብረቀርቅ ማጭድ ሆነች። ማጭዱ ከግራ በኩል ያለውን ዓለም ያጭደው ጀመር። ሕዝቡ ጠፋ። ባሕር ዛፉ ጠፋ። የቦራ ግራ ጆሮ ሳይቀር ጠፋ።

«አባ ቦራ!»

ድምፅዋ ነው። ከግራ ነው። ዞሮ አየ። ከብርሃን በቀር ምንም የለም።

ልጓሙን በኃይል ወደ ቀኝ ሳበ። ቦራ ተጠማዘዘ፤ ካቡ ላይ በደረቱ ሊላተም ሲል ቆመ።

ከሕዝቡ አንዱ «ፈራ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። «አባ ቦራ ፈራ!»

ደረጄ ከሁሉም በላይ ጮኸ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም!»

እመቤት በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ሺህ ሰው እያየ ጠርታዋለች። እሱም ሺህ ሰው እያየ ፈረሱን አዙሮባታል።

አያ ደምሴ በዘንጋቸው እየተመረኮዙ ወደ ካቡ መጡ። ፈንታሁን የቦራን አንገት አቅፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው፣ ልጅ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አያ ደምሴ።»

ሽማግሌው አዩት። ካቡን አዩ። ዘንጋቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። ቦራ ነው ያደረሰው። ማጭዱ ከዓይኑ ሲጠፋ ሕመሙ መጣ። ራስ ምታት ከዚያ በፊትም ያውቃል፤ ይህ ግን እሱ አልነበረም። ግማሽ ራሱን በመጥረቢያ ይፈልጡት ጀመር። ብርሃን ወጋው። የዶሮ ኮቴ ሳይቀር አመመው። ያልበላውን አስመለሰው።

እናቱ እትዬ አልማዝ ዳማከሴ ቀጥቅጠው ግንባሩን አሹት። «የሰው ዓይን ነው» አሉ እያለቀሱ። «ጎሽ ሲሉህ ሰምቻለሁ! እነሱ ናቸው የበሉህ!» ጠበል አመጡ፤ ረጩት። በማግስቱ ተነሣ። እናቱም የሰው ዓይን ለቀቀው ብለው እልል አሉ።

አልለቀቀውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማጭዱ ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። ፈንታሁን ለማንም አልተናገረም። ልጅ ሲጠየቅ ዘር ይጠየቃል፤ በሽታ ይጠየቃል። «ፈሪ» ቢሉት አንድ ቀን ጋልቦ ያሳያቸዋል። «በሽተኛ» ያሉትን ግን ምን ብሎ ያስተባብላል? እንዲህ አሰበና አፉን ዘጋ። ገበያ መውጣትም ተወ።

እመቤት ጠበቀችው። ይመጣል፣ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። የበረንዳው ሴቶች ሹክሹክታ አንጀቷን አሳረረው። አንድ ከሰዓት መኪናዋን ሸፍና ተነሣች።

እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ተቀበሏት። «ልጄ ተኝቷል፣ የኔ ልጅ።»

«በጠራራ ፀሐይ? ይነሣ! ግላሴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ገፍታ ገባች። ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ፈንታሁን መደቡ ላይ ራሱን በሻሽ አስሮ ተጋድሟል።

«ለፈሪ ግላስ አልሰፋም!»

«ቀስ... ቀስ በይ... ድምፅሽ ያመኛል።»

«ድምፄ? ያን ቀንም ድምፄ አሞህ ነው ፈረስህን ያዞርክብኝ?»

ፈንታሁን ተነሥቶ መደቡ ሥር ወዳለው ሳፋ ጎንበስ ብሎ አስመለሰው። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየች። ሲመለስ ትራሱን በእጁ እየዳበሰ ነው የተኛው። እንባው ያለ ልቅሶ ይወርዳል።

የእመቤት ቁጣ በረደ። ቀስ ብላ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች። የውጭው በር ሲንቋቋ ተነሥታ ሄዳ ያዘችው። ከብቶቹ እስኪገቡ ድረስ እንዲያ ዋሉ።

«አለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ያን ቀን ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ግራዬ ጠፍቶ ነበር። ድምፅሽን ሰማሁ፤ አንቺን አጣሁሽ። ከቦራ እግር ሥር ትገቢያለሽ ብዬ... ነው ያዞርኩት።»

እመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ቆይታ። «ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ሰው የሚሳለቅብህ? የሚሳለቅብኝ?»

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ከበሽተኛ ፈሪ ይሻላል።»

«ለአንተ ይሻል ይሆናል። ለእኔስ? የትኛው እንደሚሻለኝ ጠየቅከኝ?»

ፈንታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«ለራስ ምታት?»

«ራስ ምታት ሰውን ያሳውራል?» ድምፅዋ ከፍ አለና መልሳ ዋጠችው። «ነገ ትሄዳለህ። እምቢ ካልክ ቦራን ሸጬ ነው የማሳክምህ!»

በማግስቱ ሄደ። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ብዙ ጠየቀችው፤ ዓይኑን በመብራት አየች፤ በአንድ እግሩ አቆመችው። «ማይግሬን ይባላል» አለችው። «ስንቱ ሰው አለበት መሰለህ። የሰው ዓይን አይደለም። አይገድልህም። ጨርሶ ይለቅሃል ብዬ ግን አልዋሽህም።» ክኒን ሰጠችው። ነጥቧ እንደበራች ዋጥ፤ ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ሆድህን ባዶ አታድርግ፤ እንቅልፍህን አታጉድል አለችው። ነገሩ ከከፋ ወይም ከተለወጠ ቶሎ እንዲመጣም አዘዘችው።

ሆድህን ባዶ አታድርግ ያለችው ከበሽታው ይልቅ ከበደው። በዐቢይ ጾም? ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ መምሬ ታደሰ ሄደ። መምሬ ሰምተው ሳቁ።

«ጾም ለጤነኛ ነው፣ ልጄ። ሥጋና ወተቱን ተው። ጠዋት ጠዋት ግን ቆሎህን ቅመስ። እግዜር የአንተን ራስ ማስፈለጥ ምን ያደርግለታል?»

እመቤት ሁሉንም ሰማች። ደስ አላት። የኮቱን ክርን ተቀብላ ጠገነችው፤ ከውስጥ በኩል ለክኒኑ ትንሽ ኪስ ሰፋችለት። ሲያመሰግናት ግን ፊቷን አጠቆረች።

«የደረጄ ሽማግሌዎች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመጣሉ። እኔ አልነግርልህም። ይህን ሁሉ ለእኔ ስታወራ አፍ አለህ። ለአባቴም አውጣው።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ካሉ እኔ አለሁ። ዝም ካልክ ግን እኔም የለሁም።»

ቀኑ ደረሰ። የደረጄ ሽማግሌዎች በአያ ደምሴ ግቢ ቆመዋል። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለዋል። ፈንታሁን በሩ ላይ ደረሰ። እግሩ ገና ደፉን ሲረግጥ ነጥቧ በራች።

ቆመ። መመለስ ይችላል። ቤቱ ሄዶ፣ መስኮቱን ጋርዶ መተኛት ይችላል። ጥርሱን ነከሰ። «ነይ እንግዲህ!» አላት ነጥቧን በልቡ። ገባ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ።»

ሁሉም ዞሩ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው፣ አቶ ብርሃኑ፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህ ያ ካብ ሊገጭ የነበረው አይደለም? ሽማግሌህ የታለ?»

«አፌን ይዤ መጥቻለሁ።» ወደ አያ ደምሴ ዞረ። «አባት፣ ይቅርታ። ጊዜ የለኝም። ድስት እስኪፈላ ያህል ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲያ መናገር አልችልም።»

«ተናገር» አሉ አያ ደምሴ።

«ያን ቀን ምን ሆንክ ሲሉኝ ምንም አልኩ። ዋሸሁ። በሽታ አለብኝ። ድንገት ይመጣና ግማሽ ዓይኔን ያጠፋዋል፤ ከዚያ ራሴን ይፈልጠኛል። ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። አሁንም ጀምሮኛል።» ክኒኑን ከትንሿ ኪስ አወጣ። «ሐኪም አይቶኛል። አይገድልም። አይለቅምም። እኔም እሱን ፈርቼ ከሰው አልለይም። ልጅዎን እወዳታለሁ። በሽታዬን ደብቄ ልወስዳት አልፈልግም። ይኸው።»

እመቤት ከጓዳ በጣሳ ውኃ ይዛ ወጣች። በወጉ የምትጠየቅ ልጅ በዕለቱ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ወጣች። ጣሳውን ከግራው ዘረጋችለት። ፈንታሁን አላየውም። እሷም በጀርባው ዞራ በቀኙ ቆመች፤ እንደገና ዘረጋችለት። ተቀብሎ ዋጠ።

አያ ደምሴ ይህን አዩ።

«ጉድ ነው!» አሉ አቶ ብርሃኑ። «በሽተኛ ነኝ እያለ ሚስት የሚጠይቅ ዛሬ አየሁ!»

«ጤነኛ ነኝ ያለውንስ ማን መረመረው?» አለች እመቤት።

«እመቤት!» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ ይቆጡኝ። ግን እኔ በሜዳው ላይ አንድ ሰው ነው የጠራሁት። ሁለት አልጠራሁም።»

አያ ደምሴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«ከመርቆሬዎስ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ፈሪ አውቃለሁ። ብዙ አይቻለሁ። ፈሪ ፈረሱን ወደ መውጫው ነው የሚያዞረው። ይህ ልጅ ወደ ካቡ አዞረ። አንገቱ ወደሚሰበርበት። ምን ዓይነት ፈሪ ነው ወደ ካብ የሚሸሽ? እያልኩ ሳመነዥግ ከረምኩ። ያን ዕለት ሄጄ ጠይቄው ነበር። ምንም አለኝ። ምንም ለሚል ሰው ልጅ አልሰጥም ብዬ ተውኩት።» ወደ ፈንታሁን ዞሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዛሬ ተናገርክ።»

ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሡ። «ተቀመጡና እህል ቅመሱ። ለደረጄ ግን እግዜር ይስጥልኝ በሉት። ልጅቱ መልሳለች።»

ፈንታሁን ላይ ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተም ሽማግሌ ላክ! አፍህ ብቻውን አይበቃም።»

ፈንታሁን ሊስቅ ሞከረ። ሕመሙ ደርሶ ነበር። ክኒኑ ቀደም ብሎ ስለገባ እንደ በፊቱ አልፈለጠውም፤ ግን ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። እመቤት ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባችው። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና መስኮቱን ጋረዱ። ከዚያ ወጥተው ሽማግሌዎቹን «ድምፃችሁን ቀንሱ» አሏቸው።

በግንቦት ተጋቡ። ማጭዱ አልተዋቸውም። አንዳንዱን ወር ይዘለዋል፤ አንዳንዱን ይደጋግመዋል። ፈንታሁን ጠዋት ሳይቀምስ አይወጣም፤ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ለመደ። የመንደሩ ሰው በባርኔጣው ሳቀ። ፈንታሁንም አብሮ ሳቀ፤ አላወለቀውም። ሲጀምረው እመቤትን «መጣ» ይላታል። እሷም «ይምጣ! ቤቱን ያውቀዋል» ትላለች። ብርድ ልብሱን ትሰቅላለች።

ጥር ዞሮ መጣ። ፈንታሁን ቦራን አዲስ ግላስ አልብሶ ሜዳ ወረደ። በልቷል። ተኝቷል። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አድርጓል። ሊወጣ እግሩን እርካቡ ላይ ሲያደርግ ነጥቧ በራች።

ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እግሩን አወረደ።

«መጣ» አላት ከጎኑ የቆመችውን እመቤትን።

«ፈራ!» አለ ከሕዝቡ አንድ ሰው። የሳቀም አለ።

ፈንታሁን ወደ ድምፁ ዞረ። «አልፈራሁም!» አለ ሜዳው እስኪሰማ። «አሞኝ ነው! ሲተወኝ እጋልባለሁ!»

ልጓሙን ለአያ ደምሴ ሰጣቸው። ሽማግሌው ልጓሙን አዩት፤ ቦራን አዩት። ዘንጋቸውን ለጎረቤት አስያዙ።

«ፈረሱ ምን በደለ?» አሉ። «ደግፉኝ!»

«አባዬ! በዚህ ዕድሜ?»

«ዝም በዪ። አንቺ ባልሽን ያዢ።»

ወጡ። ቦራ የማንን ጭን እንደተሸከመ ያወቀ መሰለ። ሜዳውን ሲሰነጥቀው የሽማግሌው ጋቢ እንደ ባንዲራ ተዘረጋ። የሳቁት አፋቸውን ያዙ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ፈንታሁን በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ክኒኑን ውጧል። የእመቤት ነጠላ ፊቱን ሸፍኖታል። አያይም። የቦራን ኮቴ ግን በመሬቱ ውስጥ ይሰማል።

እመቤት ጎንበስ አለች። ጩኸት እንደሚያመው ታውቃለች። አፏን ከጆሮው አስጠግታ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠራችው።

«አባ ቦራ...»

ፈንታሁን እጁን በሣሩ ላይ ዳበሰ። ከጎኑ ያጋደመውን የግልቢያ ዘንጉን አገኘው። በተኛበት፣ ዓይኑ እንደተሸፈነ፣ ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

«አቤት።»